ሃርዲን ከማሳው ገብቼ እንዳነበብኩት

የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶማስ ሃርዲን ልቦለዶች ጀምረው ያቋረጡ ሰዎች እንግሊዝኛው ከበደን ይላሉ። በእኔ ግምት የሚከብደው የገበሬው ሥራ ነው። ነዶ የሚፈታ፣ ድርቆሽ የሚያስር፣ ላም የሚያልብ ሰው በየገጹ አለ። ወደ ፍቅሩ የቸኮለ አንባቢ ይህን እየዘለለ ያልፍና መሃል ላይ ሲደርስ ሰዎቹ ለምን እንደከሰሩ፣ ለምን ቤታቸውን እንደለቀቁ ግራ ይገባዋል። እኔ የማነበው ሥራውን ይዤ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው በ1840 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዶርሴት፣ ሃየር ቦክሃምፕተን በምትባል መንደር ተወለደ። ቤቱ ቅድመ አያቱ የሠራው፣ ግድግዳው ጭቃ ክዳኑ ሣር የሆነ ጎጆ ነበር። አባቱ ግንበኛ ነው። ልጁ በ16 ዓመቱ ዶርቼስተር ከተማ አንድ አርክቴክት ዘንድ ሙያ ሊማር ገባ፤ ከ1862 እስከ 1867 ደግሞ ለንደን በዚሁ ሙያ ሠራ። ገበሬ ሆኖ አልኖረም ማለት ነው፤ ገበሬውን ግን እንደ ለኪ አይቶታል። ልቦለዶቹ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች እየደመርኩ የማነበውም ለዚህ ነው።

የምጀምረው በ1874 በወጣው «ፋር ፍሮም ዘ ማዲንግ ክራውድ» ነው። ቀጥሎ «ዘ ሜየር ኦፍ ካስተርብሪጅ» (1886)፣ ከዚያ «ቴስ» (1891)፣ መጨረሻ ላይ «ጁድ» (1895)። በጁድ የጀመረ ሰው ጨለማውን ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ከገጠር የተነቀለ ሰው ታሪክ ስለሆነ የተነቀለበትን መሬት አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። «ዘ ሪተርን ኦፍ ዘ ኔቲቭ» (1878) በመጀመሪያው ምዕራፍ አንድም ሰው የለበትም፤ ስለ ምድረ በዳው ብቻ ያወራል። እዚያ የተያዘ ሰው ወደ ምዕራፍ 3፣ ወደ ደመራው ሌሊት፣ ቢዘል ምንም አይጎድልበትም፤ በኋላ ሊመለስበት ይችላል። የመጀመሪያውን የታተመ ልቦለዱን፣ የ1871ዱን «ዴስፐሬት ሬመዲስ»ን፣ ለትልቅ ወዳጆቹ ብቻ ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ በጎቹ። በ«ፋር ፍሮም ዘ ማዲንግ ክራውድ» ምዕራፍ 21 የባትሼባ ኤቨርዲን በጎች አጥር ሰብረው ለጋ ማገጥ ውስጥ ይገባሉ። ለጋ ማገጥ ጨጓራ ውስጥ ሲብላላ አረፋ ይሠራል፤ አረፋው ጋዙን ይይዘዋል፣ በጉ ማግሳት ያቅተዋል፣ የተነፋው ሆድ ሳንባን ይጫናል። ሰዓታት አይፈጅም፤ ይሞታል። መፍትሔው ትሮካር ነው፤ ቀጭን ቱቦና በውስጡ የሚያልፍ ስለታም ወስፌ። እረኛው ጌብርኤል ኦክ የበጉን ግራ ጎን በእጁ ይዳስሳል፣ ቦታውን ይመርጣል፣ ቆዳውንና ጨጓራውን አንድ ላይ ይወጋል፣ ወስፌውን ቶሎ መዝዞ ቱቦውን እዚያው ይተወዋል። ጋዙ በቱቦው ይወጣል። ውጤቱን ሃርዲ እንደ መዝገብ ጸሐፊ ያስቀምጠዋል፦ 49ኙ ተወግተው ዳኑ፣ አንዷ ቦታው ተስቶ ሞተች፣ 4ቱ ሳይደረስላቸው አለቁ፣ 3ቱ ሳይወጉ በራሳቸው ተነሡ። ድምሩ 57። ልክ ነው።

ይህን ሥራ ያልተረዳ ሰው ትዕይንቱን እንደ ኩርፊያ ያነበዋል። ባትሼባ ኦክን ከአንድ ቀን በፊት አባርራዋለች፤ ና ብላ ስታዝዘው በጨዋ ደንብ ካልጠየቀችኝ አልመጣም ይላል። በጎቹ በየደቂቃው እየወደቁ መሆኑን ለሚያውቅ ግን ያቺ የልመና ወረቀት የምትጻፍበት ጊዜ ራሱ ዋጋ አለው። በምዕራፍ 36 እና 37ም እንዲሁ ነው፤ የባትሼባ ባል ሠራተኞቹን በብራንዲ አስክሮ ሲያስተኛ፣ ኦክ አምስት የስንዴና ሦስት የገብስ ክምር ዝናብ ሊበላው መሆኑን አይቶ ዋጋውን በልቡ ያሰላል፦ 750 ፓውንድ። ከዚያ በኋላ ነው መብረቁ ስር ክምር ላይ የሚወጣው።

ገንዘቡን ወደ ደመወዝ ሳልቀይር አላልፍም። 1 ፓውንድ 20 ሺሊንግ ነው፣ 1 ጊኒ 21 ሺሊንግ። በ«ካስተርብሪጅ» መጀመሪያ ላይ ሰካራሙ ሄንቻርድ ሚስቱን ለመርከበኛ በ5 ጊኒ ይሸጣል፤ 105 ሺሊንግ ማለት ነው። በ1834 እዚያው ዶርሴት ውስጥ ቶልፐድል በምትባል መንደር የቀን ሠራተኛ ደመወዝ በሳምንት 7 ሺሊንግ ደርሶ ነበር። ማኅበር በማቋቋማቸው ወደ አውስትራሊያ የተጋዙት ስድስቱ ሰዎች የተነሡት በዚሁ ነው። ሚስቲቱ የተሸጠችው እንግዲህ በ15 ሳምንት ደመወዝ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ቀልድ መስሏቸው ሲስቁ ቆይተው፣ ኖቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አምስቱ ሺሊንግ አንድ በአንድ ሲቆጠር ዝም የሚሉት ለዚህ ነው።

የቀን አቆጣጠሩ ለእኛ ይቀለናል። እንግሊዝ በ1752 አቆጣጠሯን ስትቀይር ገጠሩ አሮጌዎቹን በዓላት አልተወም። የእርሻ ሠራተኛ ውል የሚያልቀውና ቤት የሚለቀቀው በአሮጌው የሌዲ ዴይ ቀን ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ኤፕሪል 6 ላይ ይውላል። የእኛው የፅንሰት በዓል፣ መጋቢት 29፣ ያኔ የሚውለው በዚያው ቀን ነው። በ«ቴስ» ምዕራፍ 52 መንገዱ ሁሉ ዕቃ በጫኑ ጋሪዎች የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው። የቴስ ቤተሰብ ግን ውል አልቆበት አይደለም የሚባረረው። ቤቱ የተያዘው በሰው ዕድሜ ልክ ነበር፤ አባትየው ሲሞት መብቱ አብሮ ሞተ። ይህን ያልያዘ አንባቢ ቴስ ቀድሞ ወዳታለላት ሰው፣ ወደ አሌክ፣ የምትመለስበት ምክንያት ድክመት ይመስለዋል።

ሃርዲ ለእውነተኛ ቦታዎች የፈጠራ ስም ስለሚሰጥ፣ ካርታውን በአንድ ወረቀት ሁለት ዓምድ አድርጌ እይዛለሁ፤ መጀመሪያ የልቦለዱ ስም፣ ቀጥሎ እውነተኛው፦ ካስተርብሪጅ ዶርቼስተር፣ በድማውዝ ዌይማውዝ፣ ሜልቼስተር ሳልስበሪ፣ ክራይስትሚንስተር ኦክስፎርድ፣ ሻስተን ሻፍትስበሪ፣ ማርሎት ማርንሃል። ጎዳናና ቤት ለይቶ መፈለግ ግን ድካም ነው፤ ሃርዲ ሕንፃዎችን እንደፈለገው ያነሣቸዋል። የሚጠቅመው ርቀቱ ነው። ከዶርቼስተር ዌይማውዝ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በእግር ሦስት ሰዓት ግድም። ደብዳቤ የሚዘገየው፣ ሰው የሚተላለፈው በዚህ መንገድ ላይ ነው።

የያዛችሁት ቅጂ የትኛው እንደሆነም አጣሩ። «ቴስ» በመጀመሪያ «ግራፊክ» በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት በተከታታይ ሲወጣ ለጨዋ ቤተሰብ ተብሎ ተቆራርጧል፤ ኤንጀል ክሌር አላቢዎቹን ልጃገረዶች በጎርፍ የተሞላውን መንገድ የሚያሻግራቸው በእጅ ጋሪ ነበር። በመጽሐፉ ምዕራፍ 23 ግን በክንዱ አቅፎ ነው። ሙሉው ደግሞ የ1912 እትም ነው፦ ምዕራፍ 10 ላይ አቧራ በሞላበት ጎተራ የሚደረግ የቅዳሜ ማታ ጭፈራ ካለ ያ ነው። ነጻው የኢንተርኔት ቅጂም ሲሆን መፈተኛው ይኸው ነው። የምሁራን መግቢያ ካለው መጨረሻ ላይ ይነበብ፤ ማን እንደሚሞት በሁለተኛው ገጽ ይነግራችኋል።

ግጥሞቹ ከ900 በላይ ስለሆኑ ከአንደኛው ገጽ መጀመር አያዋጣም። የምገባው «ፖይምስ ኦፍ 1912–13» በሚለው ክፍል ነው። ሚስቱ ኤማ በኖቬምበር 1912 ሞተች፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ተኮራርፈው ብዙ ዓመት ኖረዋል። በማርች 1913 በ1870 መጀመሪያ ወዳገኛት ቦታ፣ ወደ ኮርንዋል፣ ሄደ። በ1870 የሄደው የሴንት ጁልየትን ቤተ ክርስቲያን ለማደስ ሊለካ ነበር። በአንድ ጊዜ ሁለት ግጥም ይበቃል፣ ድምፅ አውጥቶ። «ዘ ቮይስ» ላይ ሦስቱ አንጓዎች ረጅም እርምጃ ይዘው ይሄዳሉ፤ አራተኛው ላይ ስንኙ ያጥርና ምቱ ይሰበራል። በዓይን ብቻ ያነበበ ሰው የሕትመት ስህተት ሊመስለው ይችላል፤ ጮኾ ያነበበ ግን ተናጋሪው እየተደናቀፈ መሆኑን ይሰማዋል።

ሁለተኛዋ ሚስቱ ፍሎረንስ በስሟ በ1928 እና በ1930 ያወጣችውን የሕይወት ታሪክ አብዛኛውን የጻፈው ራሱ ሃርዲ ነው፣ እንደ ሌላ ሰው ሆኖ፤ ብዙ ወረቀቶችንም አቃጥሏል። ስለዚህ ሌላ ሰው ከጻፈው የሕይወት ታሪክ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ አነበዋለሁ፤ በተለይ ስለ ቤተሰቡ ድህነትና ስለ ኤማ የሚለውን።