1፡100 ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም

ቢሮዬ አራት ኪሎ ነው። የቤት ፕላን ላሳትም ስወርድ ማተሚያ ቤት ያለውን ልጅ ሁሌ እለምነዋለሁ፦ «እባክህ ‹ፊት ቱ ፔጅ› (ከወረቀቱ ጋር እንዲገጥም መጠኑን መቀየር) እንዳታደርገው፤ መቶ በመቶ አውጣልኝ።»

ምክንያት አለኝ። ለትልቁ የኤ1 ወረቀት የተዘጋጀ ፕላን በትንሹ ኤ3 ላይ ሲታተም ርዝመቱ ሁሉ በግማሽ ያጥራል። ጥጉ ላይ የተጻፈው ስኬል፣ «1፡100» (ወረቀቱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ማለት በእውኑ 1 ሜትር ነው)፣ ግን እንዳለ ይቀራል። ሥዕሉ 1፡200 ሆኖ ሳለ ጽሑፉ ይዋሻል። 4 ሜትር የሆነው ሳሎን ወረቀቱ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ፎርማኑ ማስመሪያ ካሳረፈበት 2 ሜትር ብሎ ያነብበዋል። ኤ2 ላይ ደግሞ ይብሳል። ወደ 1፡141 ይጠጋል፤ ለዚህ የሚሆን የስኬል ማስመሪያ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን በሜትር የተከፋፈለ የስኬል መስመር ይሳል። ሥዕሉ ሲያንስ አብሮ ያንሳል፤ በቴሌግራም ተልኮ ሌላ ቦታ ቢታተምም አይሳሳትም። «1፡100 በኤ1» ብሎ የወረቀቱን መጠን መጨመርም ቦታ አይፈጅም። ልኬቶቹ በቁጥር መጻፋቸው ግን ግድ ነው። ሳይት ላይ ማንም ከወረቀት ለክቶ ግድግዳ ማቆም የለበትም!

እኔ ሕትመቱ እንደወጣ መስመሩን እዚያው እለካለሁ። በ1፡100፣ 5 ሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ካልሆነ እንደገና ይታተማል።