ፒሮቼን ከመቁረጥ ወደ ማጎንበስ

ፒሮቹ፣ የአፕል ዘመድ የሆኑት የፍሬ ዛፎቼ፣ ከምን ደረሱ ላላችሁኝ፣ የሰባት ዓመቱን ነገር ልንገራችሁ።

በ2010 ክረምት ምሥራቅ ጎጃም፣ ስናን ያለው ጓሮዬ ላይ አምስት ፒር ተከልሁ። አጠገባቸው ያለው አፕል በሦስተኛ ዓመቱ ፍሬ ሲያሳየኝ እነሱ ሽቅብ ብቻ ይነጉዳሉ። በ2013 ጥር፣ ቅጠላቸው ረግፎ ሳለ፣ አናታቸውን በመጋዝ ቆረጥሁ። ዝናቡ ሲጥል ከእያንዳንዱ ቁራጭ ሥር አራት አምስት ቀንበጥ እንደ አርጩሜ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ መስከረም ላይ ከእኔ ቁመት በለጠ። በኋላ ነው የገባኝ፦ ሥሩ አልተነካም። የሚመግበው ቅርንጫፍ ሲያንስበት ጉልበቱን ሁሉ በቀሩት ጥቂት እምቡጦች ላይ ያፈስሰዋል። እኔ ደግሞ ከድንቹ የተረፈውን ዩሪያ አልነፈግኋቸውም ነበር።

በ2014 ነሐሴ መጋዙን ሰቅዬ ገመድ ያዝሁ። ነሐሴን የመረጥሁት እንጨቱ በዝናብ ለስልሶ ስለሚታጠፍ ነው፤ በበጋ ከሞከራችሁት ቀጭ ይላል። በግራ እጄ የቅርንጫፉን መነሻ ከግንዱ ጋር ጥርቅም አድርጌ እይዛለሁ፣ በቀኜ ቀስ እያልሁ አወርደውና ከችካል ጋር አስረዋለሁ። ቃጫው ልጡን እንዳይበላ ከሥሩ አሮጌ ጨርቅ እጠመጥማለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሳላደርግ ቀርቼ ገመዱን ልጡ ውስጥ ሰምጦ አገኘሁት፤ ያ ቅርንጫፍ ደረቀ።

ቅርንጫፉ ወደ ጎን ጋደም ይበል እንጂ እንደ ቀስት አይጉበጥ። ከጎበጠ፣ ጉብታው ላይ ያለው እምቡጥ ራሱን ጫፍ አድርጎ ሽቅብ ይተኮሳል። እንዲህ ያለውን ገና ለጋ ሳለ በአውራ ጣት ገፍቶ መጣል ነው፤ ጠንክሮ በመቀስ ከተቆረጠ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ዩሪያውን ጨርሶ ተውሁት፤ ፍግ ብቻ፣ እሱንም በዓመት አንዴ።

በ2016 ጥር የጎነበሱትን ስዳስስ አጫጭር ጉጦች ጫፋቸው ላይ ድብልብል ያለ እምቡጥ ይዘዋል። የቅጠሉ ቀጭንና ሹል ነው፤ ይሄ ግን እንደራሰ ሽምብራ ያበጠ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! የካቲት ላይ ከአንዱ እምቡጥ ስድስት ሰባት ነጭ አበባ በአንድ ላይ ፈነዳ። ከአራቱ ዛፎች 41 ፒር ለቀምሁ። በዚያ ክረምት ሽቅብ መንጎዳቸውም ቀነሰ፤ ፍሬው ራሱ ልጓም ሆነላቸው።

አምስተኛው አሁንም እምቢ ብሏል። ዘንድሮ ከግንዱ አንድ ክንድ ከስንዝር ርቄ፣ በአንድ ወገን ብቻ፣ ሥሩን በአካፋ ልቆርጥለት ነው። የእኔዎቹ በፒር ግንድ ላይ የተዳቀሉ፣ ማለትም ቅርንጫፋቸው በሌላ ፒር ግንድ ላይ የተቀጠለ ናቸው። ኩዊንስ በሚባል የፒር ዘመድ ዛፍ ላይ የተዳቀለ ችግኝ ግን ቁመቱ አጠር ይላል፣ ቶሎም ያፈራል፤ እሱን የተከላችሁ ካላችሁ እስከ ምን ቁመት እንደደረሰ ጻፉልኝ።