ካንዳም፣ ጋንዳም፣ ሰፈራ

እ.ኤ.አ. በ2017 ሰመር ላይ ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ከኮንቬንሽን ማዕከሉ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ፣ ከሕንፃ ሥር። ትኬት መስጠት፣ ቁልፍ መቀበል፣ መኪና ማስጠጋት። ያን ቅዳሜ ግን የሚገባው ሰው ሁሉ ሌላ ነበር። አንዱ ፀጉሩ ሰማያዊ ነው። አንዱ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰይፍ ተሸክሟል። አንዷ የቀበሮ ጆሮ ሰክታለች። አብሮኝ የሚሠራው ጋሼ፣ የጎንደር ሰው፣ «ዛሬ ምን በዓል ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? ኋላ ነው የሰማሁት። ኦታኮን የሚባለው ትልቁ የአኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን ፊልም፣ ወዳጆች ጉባኤ ለብዙ ዓመታት ባልቲሞር ሲደረግ ኖሮ፣ ወደ ዲሲ የመጣበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር።

አንድ ሰውዬ የመኪናውን የኋላ በር ከፍቶ ከስፖንጅና ከካርቶን የተሠራ ጥሩር ማውጣት ጀመረ። መጀመሪያ እጆቹን፣ ቀጥሎ ነጭ ክንፎቹን፣ መጨረሻ ላይ ጭንቅላቱን። ግንባሩ ላይ እንደ ተከፈተ መቀስ የቆመ ቢጫ ቀንድ አለው። ቁልፉን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ካንዳም!» አልኩ።

ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝና «ጋንዳም» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ስም እንደሚያስተዋውቅ ሰው።

እኔ ካንዳም የምለው በዐረብኛ ስላወቅኩት ነው። ኮልፌ ያደግን ልጆች ያስታውሱታል። ጎረቤታችን የነበሩት እማማ፣ ልጃቸው ከጅዳ በላከችላቸው ብር ዲሽ አስተከሉ። ከሰፈሩ የመጀመሪያው እሱ ነበር። እሳቸው ዜና ሳይጀምር ለእኛ ለልጆች ስፔስቱን የሚባለውን የዐረብኛ የልጆች ጣቢያ ይከፍቱልናል። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ምንጣፉ ላይ እንደረደራለን። ካፒቴን ማጂድ ኳሷን መትቶ ጎል እስክትገባ ድረስ አንድ ክፍል ያልቃል፣ እኛም ነገ እስኪቀጥል ሌሊቱን ሙሉ እንጨነቃለን። ማጂድ በጃፓን ስሙ ጹባሳ መሆኑን ያወቅኩት አሜሪካ ገብቼ ነው። ከዚያ ደግሞ «አጅኒሐት ካንዳም»፣ የካንዳም ክንፎች፤ ሰው ውስጡ ገብቶ የሚነዳው ግዙፍ የጦር ሮቦት ታሪክ። አንድም ቃል አንሰማም። ታሪኩን ራሳችን ነበር የምንሠራው። ያ ቡናማ ፀጉር ያለው ዝምተኛ ልጅ ለምን እንደሚዋጋ እያንዳንዳችን የየራሳችን መልስ ነበረን። የእኔ መልስ አገሩን አጥቶ ነው የሚል ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ በእንግሊዝኛ ሳየው፣ ልጁ ከጠፈር ሰፈሮች ወደ ምድር የተላከ መሆኑን ስሰማ ደነገጥኩ። በጣም አልራቅኩም ነበር።

ያን ቀን ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ቤት ገብቼ ለልጇ ይህን ሁሉ አወራሁት። ያኔ ስድስት ዓመቱ ነው። ቃሏን አልረሳትም። እስከ ዛሬ ድረስ ቤታችን ውስጥ የሮቦቱ ስም ካንዳም ነው።

መገጣጠሙን የጀመርነው በኮሮና ጊዜ ነው። ከተማው ሲዘጋ ፓርኪንጉም ተዘጋ። እህቴ ነርሲንግ ሆም ስለምትሠራ እሷ ትወጣለች፣ እኔ ልጁን እጠብቃለሁ። የኦንላይን ትምህርቱ ሲያልቅ ቀኑ አያልቅም። ጋንፕላ የሚባለውን የጋንዳም መገጣጠሚያ አንድ ካርቶን አዘዝኩለት። ሰዎች ይህን መጫወቻ ነው ይላሉ። እስቲ አንዱን ከፍታችሁ እዩት። ብትን ያሉ መቶ ምናምን ቁርጥራጮች እንደ ቅጠል ከፕላስቲክ ፍሬም ላይ ተያይዘው ይመጣሉ። እያንዳንዷ ቁጥር አላት። ቀለሙ ከፋብሪካ ነው፣ ሙጫ አያስፈልገውም፣ አንዱ ሌላው ውስጥ ቀጭ ብሎ ይገባል። አቆራረጡ ግን ሙያ ነው። በመቁረጫው ሁለቴ ነው የሚቆረጠው። መጀመሪያ ራቅ አድርጎ፣ ቀጥሎ ጠጋ ብሎ። በአንዴ ጠግቶ የቆረጠ ሰው ፕላስቲኩ ላይ ነጭ ጠባሳ ያተርፋል። ከዚያ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ አንድ ቦታ አምስት ደቂቃ መቀመጥ የማይችል ልጅ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ምላሱን አውጥቶ አንዲት የጥፍር ታህል ጉልበት ሲሞርድ አይቻለሁ።

እህቴ መጀመሪያ ላይ አልተዋጠላትም። «ለፕላስቲክ ይሄን ሁሉ ብር?» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ትልልቆቹ ኪሱን ይጎዳሉ። የመጀመሪያው ጋንፕላ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲወጣ ዋጋው 300 የን ነበር፣ የልጅ የኪስ ገንዘብ። ዛሬ በዋናው ሮቦት አንድ ስልሳኛ መጠን የሚሠራው ፐርፌክት ግሬድ የሚሉት አለ፣ እሱን እኛ በመስታወት ነው የምናየው። እኛ ቤት ያሉት አብዛኞቹ አንድ መቶ አርባ አራተኛ ናቸው። ሮቦቱ በታሪኩ 18 ሜትር ነው፣ ሲካፈል አሥራ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ይመጣል። ልጁ ማካፈልን የለመደው በዚህ ነው። አንዴ ከአንድ ሻጭ ሁለተኛ እጅ ገዝተን አንድ ፍሬም ሙሉ ጎድሎ መጣ። ጻፍን፣ መልስ የለም። ልጁ ለሦስት ቀን ኩርፊያ ላይ ነበር። በኋላ የጎደለውን ግራ እጅ ከሌላ ሮቦት አምጥቶ ሰካለትና ያ ሮቦት አሁን ከሁሉም የሚወደው ሆነ።

ሳይከፍቱ ካርቶኑን የሚያከማቹ አሉ፣ ዋጋው እስኪጨምር። እኔ በዚህ አልስማማም። ይህ ነገር በእጅ ሊሠራ የተፈጠረ ነው። የኛዎቹ ሳሎን ውስጥ ቡፌው ላይ፣ ከፎቶዎቹና ከረከቦቱ አጠገብ ተሰልፈው ቆመዋል። እህቴም አሁን አቧራቸውን በቀለም ብሩሽ ነው የምትጠርገው፣ ቀንዳቸው እንዳይሰበር።

ልጁ አሥራ ሁለት ሲሞላው ከመጀመሪያው እንጀምር አለኝ። ዮሺዩኪ ቶሚኖ የመራው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው። ስዕሉ አሮጌ ነው፣ ሮቦቱ አንዳንዴ ይጣመማል። በወቅቱም ብዙ ተመልካች አላገኘም። 52 ክፍል ሊሆን ታስቦ 43 ላይ ነው የተቆረጠው። ሰው የወደደው በኋላ፣ ሲደገምና መገጣጠሚያው ሲወጣ ነው። ነገር ግን የመክፈቻው ትረካ እኔን ከመቀመጫዬ አነሳኝ። የምድር ሰው በዛ፣ ትርፉን ሕዝብ ወደ ጠፈር ማስፈር ከተጀመረ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆነ፣ ሰዎች እዚያ ወለዱ፣ አሳደጉ፣ ሞቱም ነው የሚለው። በጃፓንኛው «ኢሚን» የሚል ቃል አለበት። ከአገር ወጥቶ ሌላ አገር መኖር ማለት ነው። እኔና እህቴን የሚጠሩበት ቃል ነው።

ሰዎቹ የሰፈሩባቸው የጠፈር ከተሞች ከጭንቅላት የወጡ ብቻ አይደሉም። ጄራርድ ኦኒል የሚባል የፕሪንስተን የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐሳቡን በጽሑፍ አወጣ፣ በ1976 መጽሐፍ አደረገው። 8 ኪሎ ሜትር ስፋትና 32 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ግዙፍ በርሜል ጠፈር ላይ ይሽከረከራል። በሁለት ደቂቃ ገደማ አንዴ ይዞራል። ሰው የሚኖረው ከውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ነው። ወንዝ አለ፣ ደን አለ፣ ደመና አለ። ቀና ስትል ሰማይ ብቻ አይደለም የምታየው፣ የሌላ ሰውም ጣሪያ ነው።

«ታዲያ ለምን አይወድቁም?» አለኝ ልጁ።

ባልዲ ውኃ ሞልተን ከአፓርታማው ጀርባ ወጣን። ኮልፌ እያለን እንደምናደርገው ክንዴን ዘርግቼ አሽከረከርኩት። ባልዲው ሲገለበጥ አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። እሱም ተቀበለኝና ሞከረ። ሦስተኛው ዙር ላይ ፍጥነቱን ቀነሰና ውኃው በሙሉ አናቱ ላይ ፈሰሰ። እንደዚያ በስብሶ ቆሞ ቀጣዩን ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «ዝናቡስ ወዴት ነው የሚወርደው?» ወደ ሁሉም አቅጣጫ። ከመሀል ወደ ውጪ፣ ወደ እያንዳንዱ ሰው እግር። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አሰበው።

አሥራ ሦስተኛው ክፍል ላይ ደረስን። ለዚህ ክፍል ስል ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው ብል አልዋሸሁም። ጋንዳሙን የሚነዳው አሙሮ 15 ዓመቱ ነው። በልጅነቱ አባቱ ወደ ጠፈር ይዞት ሄደ፣ እናቱ ምድር ላይ ቀረች። አሁን ጦርነቱ ራሱ ወደ ምድር አመጣውና ሊያያት ሄደ። ቤታቸው ደረሰ፣ የራሱ ወገን ሰካራም ወታደሮች ሰፍረውበታል። እናቱን ተፈናቃዮች ያሉበት ቦታ ስትረዳ አገኛት። ተቃቀፉ። ወዲያው የጠላት ወታደሮች ለፍተሻ መጡ። አሙሮ እንደ በሽተኛ አልጋ ላይ ተኛ። ብርድ ልብሱን ሊገልጡት ሲሉ ከሥር ሆኖ ተኮሰ። እናቱ ጮኸች። የእነሱም ልጆች ይኖሩ ይሆናል ነው የምትለው። እንዲህ ዓይነት ልጅ አልነበርክም ትለዋለች። እሱ ደግሞ ጦርነት ነው ይላታል። ሁለቱም ይዋደዳሉ፣ ግን መነጋገር አልቻሉም። መጨረሻ ላይ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጥቷት ይሄዳል። ለእናቱ። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ።

እህቴ ዩኒፎርሟን እያጠፈች ነበር። መቼ ሶፋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች አላየሁም። የወረቀቷ ጉዳይ ብዙ ዓመት ስለፈጀ እናታችንን ለረጅም ጊዜ አላየቻትም። ልጇ ደግሞ አያቱን በአካል አያውቃትም፣ ስልክ ላይ ብቻ። ክፍሉ አልቆ ስክሪኑ ሲጠቁር «ደግመህ ክፈተው» አለችኝ። ሦስታችንም ደግመን አየነው።

በማግስቱ እሑድ ነው። እናታችን ጋ የምንደውልበት ቀን። ልጁ አዲስ የጨረሰውን ሮቦት፣ ነጭ ክንፍ ያለውን ዊንግ ዜሮ፣ ካሜራው ፊት አቆመው።

«ሚካኤል ነው ሆዴ?» አለችው። ክንፍና ሰይፍ አይታ ነው።

«አይደለም እማማ። ካንዳም ነው።» ሊያስረዳት ፈለገ። የጠፈር ሰፈሮቹ የሚጠሩበትን «ኮሎኒ» የሚለውን ቃል በአማርኛ ምን እንደሚሉት ጠየቀኝ። እኔም ሳላስብ «ቅኝ ግዛት» አልኩት። እሱን ነገራት።

«ጣልያን ነው?» አለች እናቴ፣ ፊቷ ተለዋውጦ።

ልጁ ቃል እየፈለገ፣ እየተንተባተበ ከመጀመሪያው ጀመረ። አማርኛው የእሑድ ትምህርት ቤት አማርኛ ነው። ብዙ ሰው ነበር። ምግብ አይበቃም። መንግሥት ሰዎቹን ጫናቸው። በጣም ሩቅ ቦታ ወሰዳቸው። እዚያ ኖሩ። ልጆች ወለዱ። ልጆቹ አገራቸውን አያውቁም። ከዚያ ጦርነት ሆነ።

እናቴ እስኪጨርስ አላቋረጠችውም። «ሰፈራ ነዋ!» አለች።

እኔና እህቴ ተያየን። እናታችን የደላንታ ልጅ ናት፣ የወሎ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ደርግ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ እያነሳ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር ታላቅ ወንድሟ አብሮ እንደሄደ እናውቃለን። እንደሄደ ብቻ። እኛ ጠይቀናት አናውቅም፣ እሷም አውርታ አታውቅም።

ለልጁ ግን አወራችለት። እህል ይሰጣል ተብሎ ሰው ተሰበሰበ። በመኪና ወሰዷቸው፣ ከዚያ በሩስያ አንቶኖቭ ጋምቤላ አወረዷቸው። ከተወለደ ከደጋ ወርዶ የማያውቅ ሰው፣ አውሮፕላን ከሥሩ አይቶ የማያውቅ ሰው። ሙቀቱ፣ ወባው። መሬቱ ደግሞ ባዶ አልነበረም፣ የአኙዋኮች አገር ነው፣ እነሱንም ማን ጠየቃቸው? ወንድሟ አንድ ደብዳቤ በሰው እጅ ልኳል። ማሽላ ዘርተናል ይላል፣ ማታ ማታ የደላንታ ብርድ ይናፍቀኛል ይላል፣ ሴት ልጅ ወልጃለሁ ይላል። መንግሥት ሲለወጥ ብዙዎቹ በእግር ጭምር ተመለሱ። እሱ አልመጣም።

ልጁ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ ነበር። አያቱን ከሰላምታ ያለፈ ነገር ሲጠይቃት ያየሁት ያን ቀን ነው። አንቶኖቭ መስኮት አለው? ስንት ሰው ይይዛል? ደብዳቤው አሁን የት ነው? ከዚያ ቆም ብሎ፦

«ልጅቷስ እማማ? እዚያ የተወለደችው?»

«እሷማ ትኖር ይሆናል። ስሟን ጽፎልኝ ነበር» አለችና ነገረችው።

ልጁ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ቀጭን ጥቁር እስክሪብቶ አነሳ፣ የሮቦቶቹን መስመር የሚያወጣበትን። የዊንግ ዜሮን ካርቶን ገልብጦ ባዶውን ጎን አገኘ። «እማማ፣ ቀስ ብለሽ በይው» አለ። እሷም ፊደል በፊደል አለችለት፣ እሱም ጻፈ።