ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር

ትራክተር ወደ መንደር ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው ልጅ ነው። ትልቅ ሰው ገና «ምንድን ነው የሚያጓራው?» ሲል ልጆቹ ከብቱን ለታናናሾቻቸው ጥለው መንገድ ዳር ደርሰዋል። «ጋሼ! ጋሼ! አሳፍረን!» አንዱ ፎጣውን አውልቆ እያውለበለበ ይሮጣል። ሌላው ይጮኻል። አንዱ ደግሞ ምንም ሳይል ከጎማው እኩል ይሮጣል። እኔ የምፈራው ይኼን ዝምተኛውን ነው። የሚንጠለጠለው እሱ ነው።

የትራክተር ሹፌር ነኝ። ቤቴ ጎንደር፣ አዘዞ ነው፤ ሥራዬ ግን ደምቢያ። ከአዘዞ ወደ ቆላድባ ስትወርዱ የሚንጣለለው ያ ጥቁር ሜዳ። አፈሩ ዋልካ ነው። ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ሲርስ ጫማ ያወልቃል። አንድ ጥማድ መሬት በአንድ ጥማድ በሬ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። በትራክተር ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል። ስለዚህ ገበሬው ሲያየኝ ደስ ይለዋል። ልጆቹ ግን ከእሱም በላይ ደስ ይላቸዋል፤ ችግሩም እሱ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ልጆች ሲጠጉኝ አባርር ነበር። ወንበሬ ሥር አርጩሜ ነበረችኝ። ወርጄ አንዴ ካወዛወዝኳት ሜዳው ጭር ይላል። ሥራዬን በደንብ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። ያባረርኩት ልጅ ግን ቤቱ አይገባም። ዞሮ በኋላ ይመጣል። ኋላውን ደግሞ እኔ አላየውም። የኋላው ጎማ ከስምንት ዓመት ልጅ ይረዝማል። በዚያ ላይ አቧራው አለ፣ የሞተሩ ጩኸት አለ፣ ዓይኔም ትልሙ ላይ ነው። አንድ ቀን ዳር ደርሼ ልዞር ስል በስፖኪዮው የጋቢ ጫፍ አየሁ። አንድ ልጅ ማረሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ስንት ትልም አብሮኝ እንደሄደ እሱና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት።

ልቆጣ ብዬ አፌን ከፈትኩና የራሴ ልጅነት መጣብኝ። አዘዞ ላይ በጋሪ ኋላ ተንጠላጥዬ ነው ያደግሁት። ባለ ጋሪው ጅራፉን ወደ ኋላ ይወረውራል፣ እኛ ጎንበስ እንላለን። ጨዋታው እኮ ጅራፉ ነበር። የእኔም አርጩሜ ጨዋታውን አሳመረችላቸው እንጂ አላስቀረችውም።

ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። ብዙ ሹፌር የሚያደርገውን አደረግሁ፤ አሳፈርኩ። ፓራፋንጎው ላይ፣ ማለትም ከትልቁ ጎማ በላይ ባለው ክዳን ላይ፣ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ። የእህቴን ልጅ እንደዚያ አስቀምጬ ወስጄዋለሁ። ፎቶው አሁንም እህቴ ሳሎን ተሰቅሏል። ልጁ እየሳቀ ነው፣ እኔም እየሳቅሁ ነው። ቤቷ በሄድኩ ቁጥር ጀርባዬን ለዚያ ግድግዳ ሰጥቼ ነው የምቀመጠው። የእርሻ ትራክተር ወንበሩ አንድ ነው፤ ሁለተኛ ሰው ታስቦበት አልተሠራም። ከፓራፋንጎ የሚወድቅ ልጅ ትልቁ ጎማ አጠገብ ነው የሚወድቀው። በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር ቀርፋፋ ይመስላል። በሰከንድ ግን ሦስት ሜትር ያህል ነው። «እመ» ብለህ «ብርሃን» ሳትል አልፎታል።

ማሳፈሩን የተውኩት በዚህ ስሌት ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም። የተውኩት አንድም ሰው ባልተሳፈረበት፣ ሞተሩም በጠፋበት ቀን ነው።

ግንቦት 21 ነበር፤ ማርያም። በማርያም ቀን ማረሻ የሚያወጣ ገበሬ የለም፤ የትራክተርም ማረሻ ቢሆን ማረሻ ነው። ባለ ማሳው ሽማግሌ ግቢያቸው አሳደሩኝ። የማርያም ማኅበር ተረኛ ነበሩና ግቢው ተጠርጎ በእበት ተለቅልቋል።

«ልጄ፣ ግቢዬን በብረትህ እንዳትቆፍርብኝ» አሉኝ።

«ኧረ አባባ፣ አልነካብዎትም።»

እውነትም አልነካሁም። ባለ ሦስት ዲስኩን ማረሻ (ዲስክ የምንለው አፈሩን የሚቆርጠውን ክብ ብረት ነው) መሬት ላይ ማሳረፍ ሲገባኝ ከፍ እንዳለ ተውኩት። ሞተሩን አጠፋሁ። ማርሽ አስገባሁ፣ የእጅ ፍሬን ያዝኩ፣ ጎማው ሥር ታኮ አደረግሁ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ልጆቹ አጥሩ ላይ ተደርድረው ያዩኛል። ዓመት በዓል ነው፣ ሁሉም ታጥበው ልብስ ቀይረዋል። አንጀቴን በሉኝ።

«በሉ ኑ፣ ውጡና ተጫወቱ» አልኳቸው።

አንዲት እናት ከማጀት ወጣ ብለው «ወንድሜ፣ አይነሣባቸውም?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ቁልፉ ኪሴ ነው እትዬ፣ ሐሳብ አይግባዎት።»

ገብቼ ጠላ ቀረበልኝ። ከተቀመጥኩበት በበሩ በኩል ይታዩኛል። ትራክተሩን ሚኒባስ አድርገውታል። አንድ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ መሪውን ይዞ በከንፈሩ «ድድድድ» ይላል። ሌላው ፓራፋንጎው ላይ ቆሞ «ጎንደር! ጎንደር! ጎንደር! የሞላ!» እያለ ይጣራል። ሒሳቡ ቅጠል ነው። አንዲት ስድስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ነው ጨዋታው የያዛት። ባለ አምስት ሊትር ቢጫ ጀሪካኗን ከኋላ አስቀምጣ እሱ ላይ ቁጭ ብላለች። ከዲስኮቹ ሥር። ፀሐዩ ከሮ ስለነበር ጥላው ተመችቷት ነው። እያየኋት ነበር። ዲስኩንም እያየሁት ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ግን አላየሁም። እንዴት እንደሆነ እስካሁን አይገባኝም።

እናቷ ከውስጥ «ነይ ቆሎ ውሰጂ!» አለቻት። ያቺው የጠየቀችኝ ሴት ነች። ልጅቷ ብድግ አለች።

ሹፌሩ ልጅ ማርሽ ሊቀይር ነው። ከወንበሩ በስተቀኝ ያለውን ማንሻ ያዘና ወደ ታች ገፋው።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። መጀመሪያ እንደ ረጅም ትንፋሽ ያለ ነገር። ከዚያ ድም። ስወጣ የመጨረሻው ዲስክ ጀሪካኑን እስከ መሬት ሰንጥቆት ቆሟል። ውኃው በተለቀለቀው ግቢ ላይ ወደ በሩ እየፈሰሰ ነው። ልጅቷ ቆሎውን ልትቀበል እጇን እንደዘረጋች ቆማለች።

የጮኸ ሰው የለም። እናቷ አገላብጣ አየቻት፤ እግሯን፣ ሌላ እግሯን፣ ጀርባዋን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እስከዚያ ሰዓት በ«ወንድሜ» ነበር የምታናግረኝ።

«ቁልፉ ኪሴ ነው አላልከኝም?»

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። ማረሻው በዘይት ግፊት ነው የሚነሣው። ለመነሣት ፓምፑ አለ፣ ፓምፑን የሚያዞረው ሞተሩ ነው። ለመውረድ ግን ሞተር አይፈልግም፣ ቁልፍም አይፈልግም። ማንሻው ሲነካ ዘይቱ ይለቃል፣ የቀረውን ክብደቱ ይሠራዋል። ክብደቱ ደግሞ ሦስት ኩንታል አያንስም። ይኼ የረቀቀ ዕውቀት አይደለም። ትራክተር መንዳት ስንማር መጀመሪያ ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ ነው፤ ስታቆም ከኋላ ያለውን መሬት አሳርፍ። አውቀዋለሁ። ባላውቀው ኖሮ ሌሊቱን እተኛ ነበር።

ወንዶቹ ልጁን ሊገርፉት ፈለጉት። ጠፋ። በመጨረሻ ከከብቶቹ በረት፣ ከጭድ ክምር ኋላ አገኘሁት። ይንቀጠቀጣል። እኔ ስለ ልጅቷ ያስጨነቀው መስሎኝ «አይዞህ፣ ደኅና ናት» አልኩት። እሱ የሚያለቅሰው ትራክተሩን የሰበረው መስሎት ነው። ልጅቷ እንዲያ መቀመጧን እንኳ አላየም። ወንበሩ ላይ ሆኖ ከኋላ ምን እንዳለ አይታይም። እኔም አላይ።

ለአለቃዬ ነገርኩት። መልሱ አጭር ነበር፤ «ልጅ አታስጠጋ!» በሳምንቱ ጋራዡ ግድግዳ ላይ «ሕፃናት መቅረብ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ወረቀቱ ጋራዥ ነው ያለው። ልጆቹ ደምቢያ ናቸው።

ሽማግሌው ግን ቁም ነገር ተናገሩኝ። ማታ ደጅ ተቀምጠን ነው። «ልጅን ከሥራ አርቀህ ገበሬ አታደርገውም» አሉኝ። «እኔ በሰባት ዓመቴ በሬ ነድቻለሁ።» እውነታቸውን ነው። እኔም ልጅ ትራክተር አይይ የሚል ሰው አይደለሁም፤ ሞተር የወደድኩት በልጅነቴ ነው። ግን በሬ ልጅ ያውቃል። ሕፃን እግሩ ሥር ከገባ ቆም ይላል፣ ይሸሻል፣ ቢያንስ ያሸታል። ትራክተር አያውቅም። ይኼንኑ ስላቸው ትንሽ ዝም አሉና «ታዲያ አንተ እወቅለት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው። መንደር ስደርስ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሩብ ሰዓት ለልጆቹ ነው። ትራክተሩ ይቆማል። ማረሻው መሬት ይነካል፤ የማንም ግቢ ቢቆፈር ይቆፈር። ቁልፉ ኪሴ ይገባል፣ አሁንም ይገባል፣ ግን እሱን ብቻ አላምንም። አንድ በአንድ በእጄ አወጣቸዋለሁ፣ በእጄ አወርዳቸዋለሁ። የቀረው ተራ ይጠብቃል። መሪ ያዞራሉ። ክላክስ ይነፋሉ። የእኔ ትራክተር ክላክስ አንድ መካኒክ ቀጥታ ከባትሪ ስላገናኘው ያለ ቁልፍም ይጮኻል። አንድ ጊዜ ተበሳጭቼበት ነበር፣ አሁን አመሰግነዋለሁ። ደግሞ ወንበሩ ላይ ያለውን ልጅ «ዞር በልና ከኋላ ያለውን ቁጠርልኝ» እለዋለሁ። ከጎማው ኋላ ሁለት ልጅ አቁሜ ነው የምጠይቀው። «ማንም የለም» ይላል። ሁለቱ ሲወጡ ዓይኑን ብታዩት! ከአሥር ምክር ይበልጣል።

ሩብ ሰዓቱ ሲያልቅ አንድ ዛፍ ወይም ድንጋይ እንመርጣለን። ከዚያ ወዲህ የለም። ሁሉም እዚያ ቆመው እጃቸውን ያነሣሉ፣ እቆጥራለሁ። ቁጥሩ ካልሞላ ሞተር አላስነሣም። ማሳፈር የሚባል ነገር የለም፤ የባለ ማሳው ልጅ ቢሆን፣ የእህቴ ልጅ ቢሆን። አንዴ ያሳፈርከው ልጅ ነገ ሳይጠይቅህ ይዘላል። መጀመሪያ ያለቅሳሉ፣ ክላክሱን ካገኙ በኋላ ግን ብዙ አያስቸግሩም።

መውቂያ ሲገጠም ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ጨዋታ የለም፣ ሩብ ሰዓትም የለም። ከትራክተሩ ኋላ ያለው ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ ዘጠኝ ማለት ነው። የነጠላ ጫፍ ከያዘ ሰውዬውንም አብሮ ነው የሚጠቀልለው። አውድማ ላይ ደግሞ ሁሉም የለበሰው ጋቢና ፎጣ ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ሰው ልጆቹን ይዞ ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ አደርጋለሁ፤ ሥራ ፈት አይደለም፣ ሥራው እሱ ነው። ሰው የለንም ካሉኝ ዘንጉን አላገናኝም። በዚህ የተጣላሁት ሰው ጥቂት አይደለም።

ባለፈው ግንቦት ያንኑ ግቢ አልፌ ያንኑ ማሳ ላርስ ሄድኩ። ጀሪካኗ የተሰነጠቀባት ልጅ አድጋለች፤ አዲስ ጀሪካን በማግስቱ ከቆላድባ ገበያ ገዝቼላት ነበር። ሚኒባሱን ሲነዳ የነበረው ልጅ ጎረምሳ ሆኗል። ቆጣሪ አድርጌዋለሁ። ከዛፉ ሥር እጅ አስነሣና ወደ እኔ ጮኸ።

«አንድ ይጎድላል!»

ሲወርዱ አሥራ አንድ ነበሩ። አሁን አሥር። ሞተሩን አላስነሣሁም። ወረድኩ። ከጎማው ሥር አየሁ፣ ከማረሻው ኋላ አየሁ፣ ጉድባው ውስጥ አየሁ። ከወዲያ ማዶ ሰማዩ ጠቁሯል። ዋልካ ከዘነበበት ቀኑ አበቃ ማለት ነው። ሽማግሌው በትራቸውን እየወዘወዙ መጡ።

«ልጄ፣ ዝናቡ ደረሰብን እኮ!»

«አንድ ልጅ ጎድሏል አባባ።»

«ወደ ቤቱ ገብቶ ይሆናላ።»

«ይሆናል።»

እሳቸውም ዝም ብለው ከጥሻው ሥር መፈለግ ጀመሩ። ስምንት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ልጁ ከቤቶቹ በኩል እየሮጠ መጣ። ራሱ ርሷል፣ ጆሮው ላይ ሳሙና አለ።

«የት ነበርክ?»

«እማ ጠርታኝ ነው። እያጠበችኝ።»

ቆጣሪው ከዛፉ ሥር አሰለፈው። ሁሉም እጃቸውን አነሡ።

«አሥራ አንድ!»

ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ።