«ስልክ ላይ ስንት ትለኛለህ?»

ማታ ስልኬ ሲጮህ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ የሚከተለው «ስንት ይሆናል?» ነው። አልፈርድም፤ ልጅ በብርድ እየተንቀጠቀጠበት ማን ስለ ሌላ ነገር ያስባል። ሜሪላንድ ውስጥ ማሞቂያና ኤሲ ስጠግን 11 ዓመቴ ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እንደሚሰማና ምን እንደሚታይ ነው።

የ2017ቱን የጥምቀት ዕለት ላንሳ። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19፣ 2025፣ እሁድ፣ በረዶ ጥሎ ነበር፤ በማግስቱ የሚደረገው የፕሬዚዳንቱ በዓለ ሲመት እንኳ ብርዱን ፈርተው ካፒቶል ውስጥ ያስገቡት ሰሞን። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንዲት እናት ደወሉልኝ። ከሰዓት የመጣው ቴክኒሻን ፈርነሱ (የጋዝ ማሞቂያው) 16 ዓመት ሞልቶታል፣ አልቆለታል ብሎ የአዲስ ማሽን የ9,400 ዶላር ኢስቲሜት (የዋጋ ግምት) ጽፎላቸዋል። ዛሬውኑ ከፈረሙ 800 እቀንሳለሁ ብሏቸዋል። ይሄ «ዛሬ ከፈረሙ» የሚባል ነገር ያናድደኛል። እኔም ድሮ አንድ ድርጅት ስሠራ አዲስ ማሽን ለሸጠ ኮሚሽን ነበረው፤ ጥገና ለሠራ ግን ምንም።

«እትዬ፣ ቤዝመንት ወርደው የፈርነሱን በር ሳይከፍቱ በትንሿ መስታወት ይዩልኝ። ብልጭ ድርግም የምትል መብራት አለች?»

«አለች የኔ ልጅ።»

«ስንት ጊዜ ብልጭ ብላ ነው የምታርፈው?»

ቆጠሩልኝ። በሩን አይክፈቱ ያልኩት፣ ሲከፈት ኃይሉ ስለሚቋረጥ መብራቷም ስለምትጠፋ ነው። የአቆጣጠሩ ትርጉም እንደ ማሽኑ ይለያያል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሩ ላይ በውስጥ በኩል ተለጥፏል። ከመብራቷ የበለጠ የነገረኝ ግን ቀጥለው ያሉት ነው። «እሳቱ ቦግ ይላል፣ ደስ ሲለኝ ድርግም ይላል። ሦስት አራቴ እንዲህ አድርጎኝ ተወው።»

እሱን ስሰማ ጫማዬን እያሰርኩ «ከ200 እስከ 350» አልኳቸው።

እንዴት አወቅህ ለሚለኝ፦ ነበልባሉ መሐል ከእርሳስ የቀጠነች ዘንግ አለች። እሳቱ መኖሩን ለቦርዱ፣ ማሽኑን ለሚያዘው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ፣ የምትነግረው እሷ ናት። በዓመታት ብዛት ነጭ ነገር ሲለብሳት እሳቱ እየነደደ «የለም» ትላለች፤ ቦርዱም ጋዙ ቤት ውስጥ እንዳይጠራቀም በጥቂት ሰከንድ ይዘጋዋል። ስደርስ የምትልከውን ኤሌክትሪክ በሜትር ለካሁት፣ 0.4 ማይክሮአምፕ፣ በጣም ትንሽ። አንዷን ቡሎን ፈትቼ በደቃቅ የብረት ሽቦ ፈገፈግኳትና መለስኳት፣ 3 አለች። ቤቱ መሞቅ ጀመረ።

የማታ ዋጋ ላይ ሰው የማይገምተው ነገር ቫኔ ውስጥ ምን እንዳለ ነው። እሁድ ማታ የጅምላ ዕቃ መሸጫዎቹ ዝግ ናቸው። እሳት የሚለኩሰውን ኢግናይተርና ሞተር የሚያስነሳውን ካፓሲተር ሁልጊዜ ይዣለሁ፤ የአንድ ማሽን ብቻ የሆነ ቦርድ ወይም ሞተር ግን ሰኞ ጠዋት ነው የሚገኘው። እንዲህ ያለ ከመሰለኝ «በማታ ዋጋ መጥቼ እጄን አጣጥፌ አልመለስ፣ ውሃው በረዶ እንዳይሆን ቧንቧውን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ፣ አንድ ክፍል በኤሌክትሪክ ማሞቂያ እደሩ» እላለሁ። በጋ ላይም ኤሲው እያንጎራጎረ ፋኑ ካልዞረ መጀመሪያ የምጠረጥረው ካፓሲተሩን ነው፤ ዕቃው ራሱ ለእኔ 20፣ 30 ዶላር ቢሆን ነው፤ ቀሪው መምጫና ሰዓት ነው።

ሂት ኤክስቸንጀሩ (የእሳቱን ሙቀት ለቤቱ አየር የሚያስተላልፈው ብረት) ተሰንጥቋል ከተባላችሁ ግን ስንጥቁን በካሜራ አሳየኝ በሉ። ካሳያችሁ አትከራከሩ፣ አጥፉት። በስንጥቁ ሊወጣ የሚችለው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም።

እትዬን 240 ዶላር አልኳቸው። ቦርሳቸውን እየፈቱ ሽቦዋን አየት አደረጓት። «ዘጠኝ ሺውን አድነህልኛል፣ እግዜር ይስጥህ። ግን ለመፈግፈጉማ ሽቦ እኔስ ጓዳ ነበረኝ እኮ!»

ሳቅሁ። አልቀነስኩም።