መርዶ በሁለት የአዋቂ እርምጃ

ደሴ በደወልሁ ቁጥር የሚቀድመው ጥያቄ አንድ ነው፦ «የነቀርሳውን መድኃኒት አገኛችሁት ወይ?» እናቴ በቀልድ፣ አጎቴ ከልቡ ይጠይቁኛል። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የካንሰር ቤተ ሙከራ እሠራለሁ ስላቸው ነገ ጠዋት አንድ ጠርሙስ ይዤ የምመጣ ይመስላቸዋል። እውነቱን ለመናገር የእኔ ሥራ ከብት ከማርባት ብዙም አይለይም። ህዋሶች አበላለሁ፣ አጥባለሁ፣ ሲበዙ እከፋፍላለሁ፣ ሞተው እንዳያድሩ እሰጋለሁ። የሚኖሩት በ37 ዲግሪ ሙቀት፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተሞላ ሣጥን ውስጥ ነው። የሚመገቡት ፈሳሽ ቀይ ነው፤ ምግቡ አልቆ ቆሻሻቸው ሲበዛ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ጠዋት ሣጥኑን ከፍቼ ቢጫ ካየሁ ቡና የለም፤ ጓንት አጥልቄ ሥራ ነው።

ከማረባቸው ህዋሶች የሚበዙት የአንዲት ሴት ናቸው። ሄንሪየታ ላክስ ትባላለች፤ በ1951 እ.ኤ.አ. ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በማኅጸን በር ካንሰር ስትታከም ቆይታ በ31 ዓመቷ ሞተች። ከዕጢዋ ሳያስፈቅዷት የተወሰዱት ህዋሶች ግን በብልቃጥ ውስጥ መባዛታቸውን ቀጠሉ፤ ዛሬም አላቆሙም። የፖሊዮ ክትባት ሲሞከር ያገለገሉት እነሱ ናቸው። ቤተሰቧ ነገሩን የሰማው ከሃያ ዓመታት ያህል በኋላ ነው። ይህን ለአክስቴ ለእታለም በስልክ ስተርክላት ዝም ብላ አዳመጠችና «ተዝካሯንስ አወጡላት?» አለችኝ። ሥጋዋ ገና ላልሞተ ሰው ተዝካር ይወጣል ወይስ አይወጣም፤ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ከፕሮፌሰሮቹ አንዱም እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም።

እታለም የአባቴ ታላቅ እኅት ናት። በአባቷ ወገን ሙስሊም፣ በእናቷ ወገን ክርስቲያን የሆነች የወሎ ሰው፤ እንዲህ ያለ ነገር ለእኛ ለወሎዎች ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሰርግ ካለ ዳሱን የምታሞቀው እሷ ነበረች። ጎረምሶቹ በትከሻቸው ሲፎካከሩ እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ጭፈራውን ወደ አንገቷ ታወጣዋለች፤ ከአንገቷ በታች ያለው አካሏ ጸጥ ይላል። ፊት ለፊቷ የቆመው ሰው ማን ይሁን ማን ሳያስበው መልስ ሲሰጣት ይገኛል። እኔን «ነይ ላስተምርሽ» ብላኝ አታውቅም። ከፊቷ ታቆመኛለች፣ ያው ነው።

እዚህ አገር ስመጣ ብቸኝነቱ ሲጠናብኝ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ሳልሳ ምሽት ወሰደችኝ። ጣሪያው ዝቅ ያለ አዳራሽ ነበር፤ ዓርብ ዓርብ ከየአገሩ የመጣ ሰው ይሰበሰብበታል። ሳልሳ እስከ ስምንት ይቆጠራል፤ አራትና ስምንት ላይ እግር ያርፋል። ሕጉ አንድ ነው፤ ዘፈኑ ሲያልቅ አመስግነህ ሌላ ሰው ትጋብዛለህ። መጀመሪያ ላይ የማያውቁትን ሰው እጅ መያዝ ከብዶኝ ነበር። እኛ ስንጨፍር ፊት ለፊት ቆመን በዓይንና በትከሻ እንነጋገራለን እንጂ አንነካካም። ቆይቶ ሲገባኝ ግን ነገሩ ያው የእታለም ዳስ ነው። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል።

ከሁሉም የተግባባሁት ከአንድ ጡረታ የወጣ የፖርቶ ሪኮ ሰው ጋር ነው። ፖስታ ሲያድል ኖሮ ጉልበቱ ያለቀ፣ መሬት ላይ ሲረግጥ ግን ድምፅ የማይሰማለት ሰው ነበር። እስክስታ እንዳስተምረው ለመነኝ፤ ትከሻውን ሲያነሳ ጉልበቱም አብሮ ይነሳበታል። አንገቱማ ጨርሶ እምቢ አለው። ባቲ ቅኝት ሳስደምጠው ግን ዓይኑን ጨፍኖ «ይህ የሐዘን ነው የደስታ?» ብሎ ጠየቀኝ። ባቲና አምባሰል በአገራችን ቦታዎች ስም የሚጠሩ መሆናቸውን ነገርሁት፤ መልሱን ግን ለራሱ ተውሁለት።

መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ አወጀ። መጋቢት 4 ደግሞ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ። በዚያው ሰሞን ቤተ ሙከራው እንዲዘጋ ትእዛዝ መጣልን። ህዋሶች ለብቻቸው ስለማይኖሩ በረዶ ውስጥ ማስገባት ነበረብን። በረዶው ህዋሱን ከውስጥ እንዳይሰነጥቀው ዲኤምኤስኦ የሚባል ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ ሙቀቱም በደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ይወርዳል። በመጨረሻ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይገባሉ። እዚያ እርጅናም ጊዜም የለም። የሄንሪየታን ህዋሶች በትንንሽ ቱቦዎች ከፋፍዬ፣ ቀኑን ጽፌ፣ ክዳኑን ዘግቼ ወጣሁ። ዓርብ ማታ አዳራሹም ተቆልፎ ነበር።

ቤት ተቀምጬ ያገኘሁትን የጥናት ወረቀት ሁሉ አነብ ነበር፤ ሌላ የማውቀው መጽናኛ የለኝም። ከደቡብ ኮሪያ የወጣ አንዱ አይረሳኝም። በየካቲት ወር ቾናን በምትባል ከተማ የጭፈራ ስፖርት አሠልጣኞች ለሥልጠና ተሰበሰቡ፤ ከዚያ ተነስቶ በ12 የስፖርት ቤቶች በኩል 112 ሰዎች ተያዙ። በአንዱ ስፖርት ቤት ውስጥ ግን ዮጋና ፒላቴስ ከምታስተምረው ሴት ተማሪዎች አንድም የተያዘ አልነበረም። ጠባብ ክፍል፣ ብዙ ሰው፣ ከሆድ የሚወጣ ትንፋሽ። የእኛ ዓርብ ማታ በቁጥር ተጽፎ ማለት ነው። ያዳነን ነገር፣ ያ መቀራረብ፣ ገዳይም ሆኖ አረፈው። በሳይንሱ ልጣላ አልችልም፤ እንጀራዬ ነው። ግን ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደሆነ ሳላውቅ።

በሚያዝያ ፖርቶ ሪኳዊው ወዳጄ በዚያው በሽታ ሞተ። አበባ ለመላክ ስንነጋገር የአባቱን ስም የሚያውቅ ከመካከላችን ጠፋ። የእጁን ክብደት አውቃለሁ፤ ሊያዞረኝ ሲያስብ መዳፉ ቀድሞ እንደሚላላ አውቃለሁ። የት እንደሚኖር ግን አላውቅም። አንዲት ሴት ፈልጋ ፈልጋ የልጁን ስልክ አገኘች፤ ልጁም አባቱ ጨፋሪ መሆኑን የሰማው ያን ጊዜ ነው።

እታለም በዚያ ወቅት ታማ ነበር። መድማት ከጀመራት ቆይቷል፤ «የሴት ነገር ነው» ብላ ደብቃዋለች። ምርመራው የማኅጸን በር ካንሰር መሆኑን ሲነግራት በሽታው ገፍቶ ነበር። ይህ ካንሰር የሚመጣው ኤችፒቪ ከሚባል ቫይረስ ነው፤ ከዓይነቶቹ 16 እና 18 ብቻቸውን 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ። የሄንሪየታ ህዋሶች ውስጥ ያለው 18 ነው። በየቀኑ በጓንት የምይዘው ነገር አክስቴ ሆድ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከውቅያኖስ ማዶ። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተራዋ ሲደርስ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፣ መንገዱ ተዘጋጋ፣ ሆስፒታል መሄድ ራሱ አስፈራ። «አብሽሪ፣ ያልፋል» ትለኝ ነበር፤ እኔ ማለት የሚገባኝን እሷ።

ስደት ላይ መርዶ የራሱ ሥርዓት አለው። ወዳጆች ወሬውን ይደብቁታል፣ ይመካከራሉ፣ ንጋት ላይ ተሰብስበው በርህን ያንኳኳሉ። ጮኸህ ስትወድቅ የሚይዝህ እጅ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። በሰኔ አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ስልኬ ጮኸ፤ «ውረጂማ» አለኝ የዕድሜ ታላቃችን። ስወርድ ከሕንጻው በር ውጪ አፋቸውን የሸፈኑ ሰዎች ቆመዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ በእያንዳንዳቸው መካከል አገር ቤት በሬዲዮ ሲለፈፍ የነበረው «ሁለት የአዋቂ እርምጃ» አለ። ገና አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ተቀመጥሁ፣ አስፋልቱ ላይ። አንደኛዋ ወደ እኔ ተንደረደረችና መንገድ ላይ ቆመች፤ ቤቷ ሰማንያ ያለፋት እናት አለች። እጇን ዘርግታ እንደቆመች አለቀሰች። ማንም አልነካኝም።

ከዚያ የስልክ ለቅሶ መጣ። የደሴ፣ የአዲስ አበባ፣ የጅዳ ዘመድ በአንድ ስክሪን ተደርድሮ አንዱ ሲያለቅስ የሌላው ድምፅ ይቆረጣል። ሙሾው ግማሹ ሲደርስ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ነው ለቅሶ የአካል ሥራ መሆኑ የገባኝ። ደረት ይመታል፣ እግር ይዘላል፣ አልቃሿ ስታወርድ ሌላው ይቀበላል። ከጭፈራ የሚለየው በምክንያቱ እንጂ በአሠራሩ አይደለም ብል የሚቀየመኝ ይኖር ይሆናል፤ ይቀየመኝ። ብቻውን እስክስታ የሚወርድ ሰው እንደሌለ ሁሉ ብቻውን የሚያለቅስም ከእንባ በቀር ምንም አያወጣም። ደሴ ላይ እንኳ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ቅሬው፣ የወሎ ዕድር ማለት ነው፣ ድንኳን አልጣለም። የሰፈሩ ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ መዝገብ የያዘ ነው። አራት አራት እየሆኑ በየተራ ገብተው ወጡ አሉኝ፤ ከዕድርተኛው የቀረ አልነበረም።

አዳራሹ ሲከፈት ለሟቹ ወዳጃችን ክብ ሠርተን እየተቀያየርን ጨፈርንለት። ደሴ ለመሄድ ግን ሌላ መዘግየት መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ገባ። ስለዚያ ሌሎች ከእኔ የተሻለ ይጽፋሉ። የሄድሁት በ2015 ነው።

ከውጭ የመጣ ሐዘንተኛ ሲደርስ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሳል፤ ዓመት አለፈ ብሎ የሚቆጥር የለም። ሴቶቹ በሩ ላይ ተቀበሉኝ፤ ሁለቱ በብብቴ ገብተው ያዙኝና ያን አስፋልት ላይ የቀረውን ጩኸት ጮህሁት። ለቅሶው ሲበርድ ቡና ተፈላ። በሁለተኛው ስኒ፣ በቶናው ላይ፣ ያው ጥያቄ መጣ፦ «መድኃኒቱስ?» ክትባቱ እንዳለ፣ በኢትዮጵያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት እንደጀመረ ነገርኋቸው። አንዷ ጎረቤታችን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያመክናል ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። አያመክንም፤ የሚያመክነው ካንሰሩና ሕክምናው ነው አልኋት። ቫይረሱ ካንሰር እስኪያመጣ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ስለሚፈጅ ለእናቶቹም መመርመሪያ ጊዜ እንዳለ፣ የማኅጸን በር በአሴቲክ አሲድ ሲቀባ የተበላሸው ቦታ እንደሚነጣ አስረዳሁ።

«አሴቲክ ምን?»

«ያው የኮምጣጤው አሲድ ነው።»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። «ለሰላጣ የገዛነው ለዚህ ነበር እንዴ!» አለች የቅሬው ገንዘብ ያዥ። ከዚያ እጅ እየቆጠረች ማን ማን ከሠላሳ እስከ ሃምሳ ባለው ዕድሜ ውስጥ እንዳለ መዘገበች፤ ዕድሜዋን የቀነሰችም የጨመረችም አልታጣችም። መቼ እንሂድ ሲባል ሰኞ የማይሆን ነገር ነው፤ ሰኞ ገበያ አለ። ማክሰኞ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ተገናኝተው፣ መስጊዱ ጋ የሚጠብቁትን ጨምረው አብረው እንዲሄዱ ተቆረጠ። ገንዘብ ያዥዋ የቀረችን በቅሬው ሕግ እቀጣለሁ አለች።