የአያቴ በርኖስ

የደሴው ጦሳ ተራራ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ለብሶ ዋለ። የጠበቅሁት እንዲህ ያለ ቀን ነበር። የአያቴን ጥቁር በርኖስ ከሳጥን አውጥቼ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁትና መስታወት ፊት ቆምኩ።

ከቆዩ አስፈሪ ልቦለዶች አለባበስ መቅዳት ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። መጀመሪያ የሞከርኩት ድራኩላን ነው። ሰው የሚያውቀው ኮሌታው ጆሮው ድረስ የቆመ ካባ የደረበውን ነው፤ ያ ኮሌታ ግን ከቲያትር መድረክ የመጣ ነው። ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው መጽሐፍ በሩን የሚከፍተው ረጅም፣ ነጭ ሪዛም ሽማግሌ ነው፤ ከራሱ እስከ እግሩ ጥቁር፣ ሌላ ቀለም ጠብ ያላለበት። እኔም እንደዚያው አደረግሁ፦ ጥቁር ሹራብ፣ ጥቁር ጉርድ፣ ጥቁር ሻሽ።

በዚያው ቀን አክስቴ ከኮምቦልቻ መጣች። በሩን ስከፍትላት ደረቷን ይዛ ቀረች።

«ማን ሞተብን?»

«ኧረ እትዬ፣ ማንም አልሞተም!»

ብላትም እስክትረጋጋ ብዙ ቆየች። ባሏን ስትቀብር ዓመት ሙሉ ከላይዋ ያላወለቀችው ጥቁር ነው። ሻሹን ወዲያው ፈታሁት። ከዚያ ወዲህ ጥቁር በጥቁር ለብሼ አላውቅም፤ እኛ ዘንድ ጥቁር መርዶ ይናገራል፣ በመርዶ ደግሞ አይቀለድም።

ከሰኞ ገበያ ሳልቫጅ መርጬ የሠራሁት የሚስተር ሃይድ ልብስ ቀላል ነበር። በስቲቨንሰን ታሪክ ውስጥ ዶክተር ጄኪል መድኃኒት ጠጥቶ ወደ ትንሹ ሃይድ ይለወጣል፤ ሃይድ የሚለብሰው የጄኪልን ልብስ ስለሆነ ሁሉ ነገር ይሰፋዋል፤ ሱሪው ተጠቅልሎ፣ የኮቱ ኮሌታ ትከሻው ላይ ተንሰራፍቶ። ልብስ ሰፊው «ላጥብበው?» ሲለኝ እንዳይነካው ለመንኩት።

ልቤን የያዘው ግን ፍራንከንስታይን ነው። ሜሪ ሼሊ እ.ኤ.አ. በ1816 መጻፍ ስትጀምር ዕድሜዋ ገና 18 ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ያለጊዜዋ የተወለደች ሴት ልጇ ሞታባታለች። ልጅቷ በርዷት ኖሮ እሳት ዳር ሲያሻሿት ነፍስ እንደዘራች በሕልሟ አይታ በማስታወሻዋ ጽፋዋለች። ይህን ካወቅሁ ወዲህ መጽሐፉን ሳነብ ከፍርሃቱ በፊት ብርዱ ይሰማኛል። ፊልሞቹ ፍራንከንስታይን በሠራው ፍጡር አንገት ላይ የሰኩለት ብሎን በመጽሐፉ የለም። ያለው ጥቁር ረጅም ጸጉርና ሥጋውን በቅጡ የማይሸፍን ቢጫ ቆዳ ነው። ፈጣሪው ጥሎት ሲሸሽ ጫካ ገብቶ ይንቀጠቀጣል፤ ከዛፍ ሥር አንድ ትልቅ ካባ አግኝቶ ይለብሳል። ማን እንደተወው እንኳ አያውቅም። ያቺን ገጽ ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ስለዚህ የዛሬው ልብሴ ለእሱ ነው። ከውስጥ የደበዘዘ ቢጫ ሹራብ፣ ጥለት የሌለው ነጠላ፣ ጸጉሬን ለቅቄ፣ ከላይ በርኖሱ። የበግ ጠጉር ስለሆነ ይከብዳል፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይወርዳል።

ልወጣ ስል አክስቴ ሳሎን ነበረች። ተነስታ መጣች። ዛሬ ስለ ሞት አልጠየቀችም። ጎንበስ ብላ የበርኖሱን ጠርዝ አሸተተች።

«የአባዬ ነው። አሁንም ጭስ ጭስ ይላል» አለች።

ከዚያ በሁለት እጇ አንገቱ ላይ ገጠመችልኝ። «ውጭው ይበርዳል ልጄ፣ እንዳትከፍቺው።»